ጋሼ ወንድይፍራውና የባክቴሪያዋ ጓዳ

ዛሬ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ተደውሎ «ጋሼ ወንድይፍራው አረፉ» ተባልኩ። «የትኛው ወንድይፍራው?» አልኩ፤ ሌላ የማውቀው ያለ ይመስል። ባለፈው ሳምንት እኮ በስልክ ሲቀልዱብኝ ነበር።

ለማታውቋቸው፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሳይንስ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። የሸመደድነውን ስንለፈልፍላቸው ፈገግ ብለው «ጓዳውስ?» ይሉናል። ላዩን ተዉትና ውስጡን ንገሩኝ ማለታቸው ነው።

አንድ ቀን ከተማችን አጠገብ ወዳለው በሬሳ ወንዝ ወርደው ድንጋይ ላይ የሚለጠፈውን አረንጓዴ ነገር ፍቀው በጣሳ አመጡልን። ተራ በተራ በማይክሮስኮፕ አየን።

«ይቺም ከባክቴሪያ ወገን ናት» አሉ። «መጽሐፋችሁ ባለ አንድ ክፍል ቤት ያደርጋታል። ከዚህ በሚበልጥ ማይክሮስኮፕ ያዩ ሰዎች ግን ውስጧ ጥቃቅን ክፍሎች አግኝተዋል። ምን እንደሚሠራባቸው ገና አልታወቀም።»

እኛም ወዲያው ለክፍሎቹ ስም አወጣንላቸው፤ ጓዳ።

በሳምንቱ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ መጣና ባክቴሪያ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀ። ቀልጠፍ ብዬ ተነሳሁና «ጓዳ አላት» አልኩ።

«ወጥ ቤትስ የላትም?» ሲል ክፍሉ በሳቅ አወካ።

ጋሼ ግን አልሳቁም። «ልክ ናት። ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አሉት።

በዓመቱ ራቅ ወዳለችው መዘዞ ተዛወሩ። በእኔ ምላስ የመጣ ነው እያልኩ ስንት ዓመት ሲከነክነኝ ኖረ።

በኋላ እኔም ላብራቶሪ ገብቼ ሠራሁ። ጡረታ ልወጣ ስል ስለነዚያ ክፍሎች አነበብኩና በቀጥታ ቤታቸው ሄድኩ። ግድግዳቸው ከፕሮቲን የተሠራ ነው፣ ውስጣቸው ኢንዛይም አለ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሾልኮ እንዳይባክን እዚያ ታፍኖ ምግብ መሆን ይጀምራል ብዬ ነገርኳቸው።

ጋሼ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ታዲያ ወጥ ቤትም አላት ማለት ነው። ሰውየውን በከንቱ አምተነዋል።»

ስለ መዘዞው ይቅርታ ስጠይቃቸው ደግሞ ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን አየት አድርገው «መዘዞ ባልሄድ ይቺን የት አገኛት ነበር?» አሉኝ። ያን ቀን ቀለለኝ።

ጋሼ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። በሄዱበት ቤት እንግዳ ነኝ ብለው ደጃፍ ላይ እንዳይቀመጡ፤ ውስጡን ደህና አድርገው ይዩልኝ። እኔም ስመጣ ከሰላምታ በፊት የምጠይቅዎትን ያውቁታል።

ጓዳውስ?