አልጋን ለየሌሊቱ መያዝ፤ ከቡሬ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ ዳንግላ

ረቡዕ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቡሬ

ከቤት የወጣነው ጎሕ ሳይቀድ ነው። በቀኝ እጄ ባለቤቴን ውዴን፣ በግራ እጄ ልብስና ስንቅ የቋጠርሁበትን ከረጢት ይዤ መናኸሪያ ደረስሁ። የውዴ ሁለቱም ዓይኖች በሞራ ከተጋረዱ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ብርሃንና ጨለማ ትለያለች፤ ከዚያ ወዲያ የለም። እንጅባራ ላይ የዓይን ሐኪሞች መጥተው ሞራ በነጻ እየገፈፉ ነው፣ የሚቆዩት ግን እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው ሲባል ሰማን። ቅዳሜ ካለፈ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም።

የምጽፈው ስለ ዓይን ብቻ አይደለም፤ ስለ አልጋም ነው። ለሕክምና ከአገሩ የወጣ ሰው፣ ሕክምናው በነጻ ቢሆን እንኳ አልጋው ያራቁተዋል። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ እለፉኝ። አልጋ አያያዝ ግን አውቃለሁ። በሬ በምነግድበት ዘመን ያላደርሁበት ከተማ የለም።

ሾፌሩን ጠየቅሁት።

«መንገዱ ክፍት ነው?»

«እስካሁን ክፍት ነው አባ።»

«እስካሁን ማለት ምን ማለት ነው?»

«እስካሁን ማለት እስካሁን ነው። ይግቡ፣ ብርዱ ይገባል።»

ገባን። በየኬላው ወረድን፣ መታወቂያ አሳየን፣ እንደገና ገባን። ውዴ በወረደች ቁጥር እጄን ትይዛለች፤ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ቲሊሊ ላይ ሾፌሩ ቁርስ ብሎ አቆመ። ጾም ነውና ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በላን፤ ሳህኑ ሃምሳ ብር። ድንቹ የዚህ አገር ድንች ነው፤ እንደ ዱቄት ይፈርሳል። እኔ ቆሜ ነው የበላሁት።

ከቲሊሊ ወዲያ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ውዴ ጭንቅላቷን ከመስኮቱ አንሥታ «ዘንገና ደርሰናል አይደል?» አለችኝ። እውነትም ሐይቁ ጋ ነበርን።

«በምን አወቅሽ?»

«ብርዱ ተለወጠ።»

ልጅ ሳለች በዚህ አካባቢ ነው ያደገችው፤ እናቷ የዚህ አገር ሰው ስለነበረች አዊኛም ትናገራለች። ጎራ የምንልበት ቅርብ ዘመድ ግን ዛሬ የላትም። ቢኖራት ስለ አልጋ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

ረቡዕ፣ ስድስት ሰዓት፣ እንጅባራ

ሰልፉ ረጅም ነው። ከየወረዳው ዓይነ ስውር ሁሉ ተሰብስቧል፤ እያንዳንዱ አንድ ሰው ጨብጧል። ውዴን መረመሯት። ነርሷ ወረቀት ሰጠችኝና «ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይቅረቡ። ስም ተጠርቶ ከሌሉ ተራው ለሌላ ሰው ነው» አለችኝ። እንግዲህ የረቡዕ፣ የሐሙስና የዓርብ ሌሊት፤ ሦስት ሌሊት ማደር አለብን።

አሁን ልብ በሉልኝ። ሦስት ሌሊት ስንት ነው ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ውዱን ሌሊት ያዩና በሦስት ያባዙባችኋል። እኔ የምጠይቀው ለየሌሊቱ ነው። ርካሹን ሌሊት እይዛለሁ፤ ውዱን ሌሊት ሌላ ቦታ አድራለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ያለ ፔንሲዮን ገባሁ። ባለቤቷ ወይዘሮ ትሁኔ ትባላለች፤ ደርባባ ሴት ናት።

«የዛሬው ስንት ነው?»

«ሦስት መቶ።»

«የነገውስ?»

«ሰባት መቶ። የዓርቡም እንዲሁ።»

«አልጋው ነገ ይረዝማል?»

«አይረዝምም አባ። ነገ ሰልጣኝ ይገባል። አበል ያለው ሰው ሰባት መቶ ይከፍላል።»

«ለኔ አበል የቆረጠልኝ የለም።»

«እንግዲያ ሦስቱን ሌሊት አንድ ላይ ይያዙና ሺህ አራት መቶ ይስጡኝ። እማማን ከቦታ ቦታ አያንከራትቱ።»

«የዛሬውን ብቻ ስጭኝ» አልሁ።

አራት ቁጥርን ሰጠችን። ውዴ እንደገባች ከረጢቱን እንኳ ሳላስቀምጥ በመዳፏ ክፍሉን መዳሰስ ጀመረች። በሩን፣ የአልጋውን ራስጌ፣ ወንበሩን፣ ግድግዳውን። ከዚያ ከአልጋው ተነሥታ ሰባት እርምጃ ቆጠረች፤ ወደ ግራ ስትዞር የሽንት ቤቱ በር እጇ ገባ። ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። ማታ ልይዛት ብነሣ «ተቀመጥ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ» ብላ ብቻዋን ሄዳ መጣች። ከቤታችን ውጭ ብቻዋን ስትሄድ ካየሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ጠዋት፣ እንጅባራ

ማልጄ ወጥቼ ከገበያው ጀርባ ለዓርብ ሌሊት በአራት መቶ ብር ክፍል አገኘሁ፤ ቀብድ ጣልሁ። የሐሙስ ሌሊት ግን ከተማው በሙሉ በሰልጣኝና በሕመምተኛ ሞልቶ ከስድስት መቶ በታች የሚባል ጠፋ። ዳንግላ እንደሚረክስ አውቃለሁ። ሄደን አድረን ዓርብ በማለዳ እንመለሳለን ብዬ ቆረጥሁ።

ውዴ አልጋው ላይ ተቀምጣለች።

«እዚሁ ብንቆይስ?»

«ሰባት መቶ ነው።»

«ክፍሉን ለምጄው ነበር።»

«ክፍል ሁሉ ክፍል ነው።»

ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች። ስንወጣ እሷና ትሁኔ በአዊኛ አወሩ። እኔ አዊኛ አልሰማም፤ አበጀ የሚለው ስሜ ግን ሁለት ጊዜ ተጠራ፤ በሁለተኛው ላይ ሁለቱም ሳቁ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዳንግላ

አዲስ ቅዳምን ስናልፍ በመንገዱ ግራና ቀኝ የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሯል፤ ጫኞቹ ከፊታቸው ዓይንና ጥርስ ብቻ ነው የሚታየው። ዳንግላ ገብተን አልጋ ጠየቅሁ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ። ተከራክሬም አይደለም። ትራንስፖርቱን፣ ሁሉን ደምሬ፣ ከትሁኔ ሺህ አራት መቶ ላይ መቶ ሃምሳ ብር ይተርፈኛል። ጥሩ ነው አልሁ።

ልቤ ግን አላረፈም። ውዴን በረንዳው ላይ አስቀምጬ መናኸሪያ ሄድሁ፤ ተመለስሁ፤ እንደገና ሄድሁ። አንድ ሻይ የሚጠጣ ሾፌር ነገ መንገድ ሊዘጋ ይችላል ይላል። ጓደኛው ማን አለህ ይለዋል። ሲሉ ሰማሁ ይላል። ማንን ልመን። ዓርብ ሁለት ሰዓት እንጅባራ ካልደረስን ተራው ለሌላ ሰው ነው፤ ሐኪሞቹም ቅዳሜ ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ በገዛ እጄ ሴትዮዋን ከሐኪሙ ደጅ አንሥቼ ወዲህ አምጥቻታለሁ።

ስመለስ ውዴ እዚያው በረንዳው ላይ ናት።

«የሽንት ቤቱ በር በየት በኩል ነው?» አለችኝ።

«ማታ አሳይሻለሁ» አልኋት።

ማታ ደክሞኝ ነበር፤ ይዣት ሄድሁ፣ ይዣት መጣሁ። እንድትዳስስ ጊዜ አልሰጠኋትም።

ዓርብ፣ ሲነጋጋ፣ ዳንግላ

ሚኒባስ ተነሥቶ እንደሆነ ለማየት እስከ ግቢው በር ወጣሁ። ሩብ ሰዓት አልሞላም። ስመለስ ውዴ መሬት ላይ ተቀምጣ ቅንድቧን በነጠላዋ ጫፍ ይዛለች፤ ነጠላው ደም ነክቶታል። የብረቱ መስኮት ወደ ውስጥ ተከፍቶ ነበር።

«ምን ሆንሽ?»

«ሰባት ቆጠርሁ። ወደ ግራ ዞርሁ» አለችኝ። «ያኛው ክፍል መስሎኝ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቁስሉን በውኃ አጥቤ ተነሽ ተነሽ አልኋት።

መናኸሪያው ላይ ሚኒባሱ ሁለት ሰው ጎድሎታል። ረዳቱ ይጣራል፤ ሰው የለም። አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ፣ ለአንድ ሃያ ጉዳይ ሆነ።

«ንዳው» አልሁት ሾፌሩን።

«አባባ፣ ሁለት ወንበር ባዶ ነው።»

«የሁለቱን እኔ እከፍላለሁ።»

ሾፌሩ ዞር ብሎ አየኝ። «ባዶ ወንበር የሚሳፈር ሽማግሌ ዛሬ አየሁ» አለና ሞተሩን አስነሣ። ሰዎቹ ሳቁ። የቆጠብሁት መቶ ሃምሳ ብር እዚያው ቀረ።

ዓርብ፣ ሁለት ሰዓት፣ እንጅባራ

በሩን ስንገባ ስም እየተጠራ ነው። «ውዴ» ሲባል «አለች» ብዬ የጮህሁት ገና ግቢው መሐል ሆኜ ነው።

ነርሷ ቅንድቧን አየች።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«መስኮት ነው» አልሁ።

«ረቡዕ አልነበረም።»

«ረቡዕ መስኮቱ አልነበረም።»

ሐኪሙን ጠራችው። ወጣት ሰው ነው። ባትሪ አብርቶ ቁስሉን አየ፣ ዓይኗን አየ፣ እንደገና ቁስሉን አየ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

«ዓይኑ አልተነካም» አለ። «አንድ ጣት ዝቅ ቢል ኖሮ ግን ዛሬ ሞራውን አልገፍፍላትም ነበር።»

አስገቧት። ያን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍሁት አልጽፍም። ስትወጣ የቀኝ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ግራው ያው ነው፤ ተራው ሌላ ጊዜ ነው ተብሏል። ነርሷ ጠብታውን ሰጠችኝና «ዛሬ እንዳትወድቅ፣ እንዳትጋጭ፣ እንዳታጎነብስ። ነገ ጠዋት እንፈታዋለን። ሰምተዋል አባት?» አለችኝ። ሰምቻለሁ አልሁ።

ከገበያው ጀርባ የያዝሁት ክፍል ትዝ አለኝ። ደረጃ አለው። ቀብዴን ለክፍሉ ተውሁና ወደ ትሁኔ ሄድን።

«አራት ቁጥር አለ?»

«ሰው ገብቶበታል አባ። ሰባት ቁጥር ብቻ ነው የቀረኝ።»

አራት ቁጥርን አንኳኳሁ። ከቻግኒ የመጣ የግብርና ሰልጣኝ ነው፤ ወፍራም ሰው፣ ካልሲውን እያወለቀ ነው።

«ወንድሜ፣ ክፍሉን ልትለቅልኝ ትችላለህ?»

«ሻንጣዬን ፈትቻለሁ አባቴ። ሰባት ቁጥርም እኮ ያው ነው።»

«አልጋው ያው ነው። በሩ ግን በሌላ በኩል ነው።»

«የበሩ ነገር ምን አመጣው?»

ምን አመጣው። ልነግረው ግድ ሆነ። ባለቤቴ ይህን ክፍል በመዳፏ አጥንታው እንደነበር፣ እኔ ለመቶ ሃምሳ ብር ብዬ አንሥቼ ዳንግላ እንደወሰድኋት፣ የዚህን ክፍል እርምጃ እዚያ ረግጣ መስኮት ላይ እንደወደቀች። እንዲህ ያለ ነገር ለማላውቀው ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሰውየው ግን የሚያየው እኔን አልነበረም። ውዴ ከበረንዳው መጨረሻ ተነሥታ ግድግዳውን በእጇ እየነካች ብቻዋን መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ማንም አላመጣትም።

ሰውየው ካልሲውን መልሶ አጠለቀ። ሻንጣውን አነሣና በአጠገቧ ሲያልፍ «እማማ፣ አልጋውን አሙቄልዎታለሁ» አላት።

«እግርህ ካልሸተተበት ጥሩ ነው» አለችው።

ትሁኔ ሒሳቡን ተቀበለችኝ። «ለእማማ ሦስት መቶ ይበቃል» አለች። «ለእርስዎ ግን አራት መቶ ነው።» ሰባት መቶውን ቆጥሬ ሰጠኋት። አልተከራከርሁም። ከጀርባዬ በአዊኛ የሆነ ነገር ተባባሉ፤ የሆነው ይሁን።

በዚያ ሌሊት ውዴ ሁለት ጊዜ ተነሣች። ሰባት እርምጃ፣ ወደ ግራ። እኔ ተኝቼ እርምጃዋን እቆጥራለሁ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ እንጅባራ

ፋሻውን ነርሷ ፈታችው። ውዴ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች፣ እንባ ወረደ። ነርሷ ጣቷን አሳየቻት።

«ስንት ነው እናቴ?»

«ሁለት» አለች ውዴ። ከዚያ «ቀለበትሽ ጠቦሻል፤ ጣትሽ አብጧል» አለቻት። ነርሷ እጇን አየችና ሳቀች። እኔ ውጭ ወጣሁ፤ አየር ፈልጌ ነው።

ለምታነቡኝ አንድ ነገር ልበል። ብቻዬን ብሆን ዛሬም አልጋ እከፋፍላለሁ። ረቡዕን አንዱ ጋ፣ ሐሙስን ሌላው ጋ፤ ያዋጣል። ጤነኛ ሰው በየክፍሉ ያድራል። ሕመምተኛ ይዛችሁ ከሆነ ግን ሰባት መቶውን ክፈሉ።

ከረጢታችንን ለመውሰድ ወደ ፔንሲዮኑ ተመለስን። ውዴ አራት ቁጥር በር ላይ ደርሳ ቆመች። አልገባችም።

«ይኸ አይደለም» አለች።

«እሱ ነው።»

ቀኝ እጇን ዘርግታ የበሩን መቃን ዳሰሰች። «አዎ፣ እሱ ነው» አለች። ገባች። ግድግዳውን አየች፤ ቀለሙ ተልጦ ከላይ እስከ ታች ዝናብ ወርዶበታል። መጋረጃውን አየች። አንሶላውን በሁለት ጣቷ አነሣች።

«ለዚህ ነው ሰባት መቶ የከፈልኸው?»

«አዎ።»

«አበጀ፣ ተታለሃል።»

ከረጢቱን አነሣሁ። የቡሬ ሚኒባስ እየሞላ ነው፤ መንገዱ እስካሁን ክፍት ነው ብለዋል፤ ቶሎ እንሂድ አልኋት። እሷ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ጎተተችና ተቀመጠች።

«እስከ ስንት ሰዓት ነው የከፈልነው?»

«እስከ ስድስት ሰዓት።»

«አሁንስ ስንት ነው?»

«አራት ሰዓት።»

«እንግዲያ ሁለት ሰዓት አለኝ» አለች። ውጭ ትሁኔ ልብስ እያሰጣች ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ባጃጅ ያልፋል፤ አንዲት ሴት ዶሮ አንጠልጥላ ከሻጭ ጋር ትከራከራለች። ውዴ ዓይኗን ከዚያ አልነቀለችም። «የከፈልንበትን ልየው።»

ረዳቱ «ቡሬ፣ ቡሬ፣ የሞላ» እያለ ሲጣራ ይሰማኛል። ከረጢቱን መሬት አስቀመጥሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ያ ሚኒባስ ሄደ። ከእሱ በኋላ የመጣውም ሄደ።