ለሻሼ የተደረገ ጸሎት

ላንቴ ውስጥ የወተት ላሞች እርባታ አስተዳድራለሁ። የላንቴ በጋ ከሰው አልፎ ላም ያስመርራል። ዘንድሮ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሻሼ የምትባለው ዋና ታላቢ ላማችን መኖዋን ትታ ምላሷን አውጥታ ታለከልክ ጀመር፤ ወተቷም ሊነጥፍ ደረሰ። አዲስ አበባ ብርድ ላይ ተቀምጦ የሚያዘኝ ባለቤቱ በስልክ፣ «እሷ ካልታለበች አንተስ እዚያ ምን ትሠራለህ?» አለኝ። በረቱ ውስጥ ትልቅ ቬንትሌተር አስገጠምኩና ወለሉን ውሃ አስረጨሁ።

በማግስቱ የሰፈሩ ጸሎት ኅብረት መሪ ጋሽ ኤልያስ ወንድሞችን አስከትለው መጡ። «ስለ ላሟ ሰምተን ልባችን አዘነ፤ እንጸልይላት» አሉ። ሁልጊዜ ማታ በየቤቱ የሚጸልዩ ሰዎች ለሻሼ ሲሉ በየቀኑ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት መምጣት ጀመሩ። ለላም እንዲህ ያለ ፍቅር አይቼ አላውቅም። መቀመጫ ዱካቸውን ይዘው ቬንትሌተሩ ፊት ይደረደራሉ፤ ሻሼ ከኋላቸው ግድግዳ ተጠግታ ታለከልካለች። «ትንሽ ጠጋ በሉላት» ብል፣ ጋሽ ኤልያስ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ጸሎትን ርቀት አያግደውም» አሉኝ።

ትናንት እንባ እየተናነቃቸው «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ላም...» እያሉ ሳለ መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ ቆመ። ጸሎቱም አብሮ ቆመ። ጋሽ ኤልያስ አንገታቸውን በመሐረብ ጠረጉና ወደ ወንድሞች ዞረው፣ «ማዶ ያለው ዶሮ እርባታ ጄኔሬተር አለው አሉ፤ ለዶሮዎቹም የጸሎት ሸክም ተሰምቶኛል» አሉ።