አልጋ አንጣፊዋና አሥሩ ቢራቢሮዎች

አገሬ ገብረ ጻድቅ በዓይኗ የምትኮራ ሴት ናት፤ ብትኮራም አይፈረድባትም። በሰው አገር፣ ቡሪየን በምትባል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል በቀን አሥራ አምስት ክፍል ታጸዳለች፤ አንሶላ ላይ የቀረች አንዲት ፀጉር አምልጣት አታውቅም። ቁመቷ አጭር ነው። ትንሽ ሥጋ እንደ መርፌ ትወጋ የተባለው ለእሷ ሳይሆን አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ1998 ነሐሴ ላይ፣ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው በባዶ ሜዳ አቋርጣ ስታልፍ አንዲት ቡናማ ቢራቢሮ አየች፤ ከአውራ ጣት ጥፍር አትበልጥም። በየቅዳሜው የሰፈሩን ቢራቢሮ ከሚቆጥሩት ፈቃደኞች አንዷ ነበረችና፣ ለኃላፊያቸው ለጡረተኛዋ መምህርት ለካሮል ነገረቻት። ካሮል ፈነጠዘች፤ የዚያች ዓይነት ቢራቢሮ እዚያ ሰፈር ከታየች ዓመታት አልፈዋል። ችግሩ ሜዳው በሚመጣው ሰኞ ሊታጨድ ነው፤ ከታጨደ እንቁላሏም አብሮ ይጠፋል። ካሮል ለሜዳው ባለቤት ደውላ ብትለምነው፣ «እስከ ሰኞ አሥር ቢራቢሮ ከቆጠራችሁ እስከ ጸደይ አላጭደውም» አላት።

ስድስት ሰዎች መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሁለት ቀን አሰሱ። አንዲትም የለችም። ካሮል በትሕትና «ምናልባት ተመሳስሎብሽ ይሆናል» ስትላት አገሬ በንዴት ጦፈች። ዋሾ ብትባል ይሻላት ነበር። ዓይኗን ተጠራጠሩባት እኮ!

የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጇን እስከዳርን ለማስተርጎም አስከትላ ሜዳው ላይ ተገኘች። ካሮል ቆማ ቁልቁል ታያለች። አገሬ ገረማት። እሷ አልጋ ስትፈትሽ መች ከላይ ታያለች? ጎንበስ ብላ፣ ጉንጯን አንሶላው አጠገብ አድርጋ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ነው የምታየው። ያን ጊዜ የተደበቀ ፀጉር ሁሉ ብቅ ይላል። ሜዳም ያው ሰፊ አልጋ ነው ብላ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና፣ ፊቷን ወደ ፀሐይ አድርጋ በደረቁ ሣር ላይ በሆዷ ተኛች።

«ማም፣ ፕሊስ! ፒፕል አር ሉኪንግ!» አለች እስከዳር፣ በኀፍረት ዙሪያዋን እያየች።

«ይዩና! እኛስ ለማየት አይደል የመጣነው? ይልቅ እማማ ካሮልን ‹እዚህ ይተኙ› በያቸው።»

ካሮል ሰባ ዓመት ያገለገለ ጉልበቷን እያባበለች ተኛች። ከላይ ሲታዩ ደረቅ ቅጠል የሚመስሉት ክንፎች፣ ከጀርባቸው ፀሐይ ስታገኛቸው የብርቱካን ልጣጭ መሰሉ። ካሮል «ኦ!» አለች። አገሬ ጣቷን እየቀሰረች ቆጠረች። አራት። ሰባት። ዘጠኝ።

ዘጠኝ ላይ ቀረ። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ሄደች፤ ሣሩም ከሣርነት በቀር ምንም አላሳይ አለ። አገሬ ዓይኗ እስኪያነባ አፈጠጠች፤ በአንዲት ቢራቢሮ ልትሸነፍ ነው! ፈራች፤ ይህን ደግሞ ማንም እንዲያውቅባት አልፈለገችም።

«እማዬ!» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች። እስከዳር አዲሱን ነጭ ሸሚዟን ሳትሳሳለት፣ ጉንጯን መሬት አስነክታ ተኝታለች። «እማዬ፣ አሥር! አሥር!» አለች፣ በአማርኛ።

የሜዳው ባለቤት ቃሉን ጠበቀ። ሰኞ ጠዋት አገሬ ሜዳው ዳር ደርሳ ቆመች፤ ለወትሮው የምታቋርጠውን ሣር አየት አደረገችና በመንገዱ ዞራ ሄደች። አውቶቡሱ አመለጣት።