ወንበር ላይ የወጣ ቋንቋ

ከኮምቦልቻ ሸሽቼ የወጣሁት መግሪብ እንደተሰገደ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ስሜ ተጠርቶ ነበር። እናቴ የባቲ በኩል ሴት ናት፤ አማርኛ ብዙም አይሆንላትም። ጭነት መኪናው ላይ ስወጣ የመንገዱ ነገር ያስጨነቃት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በኦሮምኛ፣ «አሁን ሸንጎ ፊት ማን ይናገርልኛል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አጎቴ ቤታችንን የኔ ነው ብሎ ከከሰሳት ጀምሮ በየቀጠሮው የማስተረጉምላት እኔ ነበርኩ። የሚገርማችሁ፣ የፍርድ ሸንጎው ሰብሳቢ ኦሮምኛ ያቀላጥፋል! ገበያ ላይ ሲያገኛት ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ያጫውታታል፤ ወንበሩ ላይ ሲወጣ ግን የሸንጎው ቋንቋ አማርኛ ነውና «አስተርጓሚ!» ይላል።

በሞያሌ፣ በናይሮቢ አልፌ ዳሬሰላም ገባሁ። ሙቀቱ ጉድ ነው! ኮምቦልቻ ሞቀን ብለን ደሴ የምንወጣ ሰዎች እዚህ ብንወለድ ምን ይውጠን ነበር? ኡጋሊ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ቅቤና በርበሬ የተረሳበት ገንፎ በሉት። ግን ወገኖቼ፣ ቋንቋቸው! ሬዲዮው በስዋሂሊ፣ ፖስታ ቤቱ በስዋሂሊ፣ ስብሰባው በስዋሂሊ፣ ችሎቱ ሳይቀር በስዋሂሊ! ሰደቃን ሳዳካ፣ ኪታብን ኪታቡ ሲሉ ስሰማ ዘመድ ያገኘሁ መስሎኝ መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

የመኖሪያ ፈቃድ ልጠይቅ ሄጄ ስንት ቀን ያጠናሁትን እንግሊዝኛ ለሹሙ ተንተባተብኩለት። እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

«እንግሊዝ ነህ?»

«አይደለሁም፣ ጌታዬ።»

«እኔም አይደለሁም። ታዲያ ለምን እንሰቃያለን?»

ዝግ እያለ በስዋሂሊ ጠየቀኝ፤ እኔም እየሰባበርኩ መለስኩ። «ነገ ሳ ታቱ ና። ከቀረህ ጉዳይህ ይዘጋል፣ ወደ ድንበር ትመለሳለህ» አለኝ። ሳ ታቱ ሦስት ሰዓት ነው። እኔ ብልጡ፣ የውጭ አገር ሦስት ሰዓት የኛ ዘጠኝ መሆኑን ናይሮቢ ተምሬያለሁ! ምሳዬን በልቼ፣ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ኮራ ብዬ በዘጠኝ ሰዓት ደረስኩ።

ሹሙ በሩን ቆልፎ ሊሄድ ነው።

«ሳ ታቱ አልኩህ! አሁን ሳ ቲሳ ነው!»

ቲሳ ዘጠኝ ነው። የእጅ ሰዓቴን ባየው እሱም ዘጠኝ ይላል። ሰዓቴን ፈትቼ አሳየሁት። አገላብጦ አየው።

«እናንተም ከንጋት ነው የምትቆጥሩት?»

«ወላሂ ከንጋት ነው! እናንተ እንደ እንግሊዝ የምትቆጥሩ መስሎኝ ነው!»

እስኪያስለው ሳቀ። በሩን መልሶ ከፈተና ቁጭ ብሎ ፈቃዴን ጻፈልኝ።

በማግስቱ ኮምቦልቻ፣ ጎረቤታችን ባለሱቁ ሼህ ይማም ዘንድ ደወልኩ፤ እናቴን አስጠሩልኝ።

«እማ፣ እዚህ ዳኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በአገሩ ቋንቋ ይፈርዳል!» ብዬ በኦሮምኛ ጮህኩ።

«ያረቢ! ወንበሩ አይቆጣም?»

ስለ ክሱ ጠየቅኋት።

«ሄድኩ። አስተርጓሚ አምጪ አለኝ። ልጄ የለም አልኩና በራሴ አፍ ሁሉንም ነገርኩት። አጎንብሶ ሲሰማኝ ቆየ፤ እንባውንም ጠረገ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቀና ብሎ፣ ያልሽው አልገባኝም ብሎ ቀጠረኝ።»

«አልገባኝም? እያለቀሰ?» አልኩ።

«አብሽር» አለችኝ። «እሄዳለሁ። እንደገና እነግረዋለሁ።»

አገሬ እንደዚያ ቀን ናፍቃኝ አታውቅም። ከሸንጎው ሕዝብ መሃል ተቀምጬ፣ ማንም አስተርጓሚ ብሎ ሳይጠራኝ፣ እናቴ ስትናገር ባደምጥ አልኩ።