የበቀለች ፍንጭትና የዒድ ከረሜላ

በቀለች ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው ጥርሱን ነው። ልብስ ተውሰው ይለብሱታል፣ ዓይንም ሲፈልግ ይዋሻል፣ ጥርስ ግን ሰውየው አፉን በከፈተ ቁጥር ጉዱን ይዘረግፈዋል ትላለች። ካርቱም፣ ካላክላ በሚባለው ሰፈር ሠላሳ ዓመት ስትኖር ሳትንቀው ያለፈችው ጥርስ የለም። ትንባሆ የበላውን የባለሱቁን ንቃለች፤ ሻይ ያቀለመውን የሪክሻ ነጂዎቹን ንቃለች። ሪያድ ሰፈር ምግብ የምታበስልባት ቪላ እመቤት ፋሪሃ እንኳ አላመለጠቻትም። ፋሪሃ ዱባይ ሄዳ ያስተከለችው ጥርስ አንድ ወጥ ሆኖ ሲያበራ፣ በቀለች ወጥ ቤት ገብታ "የመታጠቢያ ቤት ሸክላ" ትለዋለች። "እንዲህ ያለው ይወለወላል እንጂ አይሳቅበትም።"

እንዲህ እንድትንቅ ሥልጣን የሰጣት የራሷ ፍንጭት ነበር። ከላይ በሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መሃል የስንዴ ቅንጣት የምታሾልክ ክፍተት አለች። በልጃገረድነቷ መተማ ሰርግ ላይ አንድ ማሲንቆ መቺ አይቷት ዓይኑን ሳይነቅል እንዲህ አለ፤

ከጥርሶችሽ መሃል ያለችው መስኮት፣
ስትስቂ ተከፍታ ገባሁ ሳላንኳኳት።

ማሲንቆ መቺው በማግስቱ መንገዱን ቀጠለ፤ ግጥሙ ግን እሷ ጋ ቀረ፣ እንደ ሽቶ ልብሷ ላይ አደረ። ሱዳናዊው የጭነት መኪና ሾፌር ፈድለላም ያገባት በዚያችው ክፍተት ነው። አማርኛ አይገባው፣ ግጥም አይገባው፤ "ፈልጃ" አለ፣ በአገሩ ፍንጭትን የሚያወድሱባትን ቃል። ለበቀለች ያ በቂ ነበር። ሰማዩ ዝቅ ብሎ ዓባይን የሚነካ በሚመስልባቸው ማታዎች፣ ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥተው ተኝተው ስትስቅለት፣ ጨረቃዋ ራሷ በመስኮቷ የምትገባ ይመስላት ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጾሙ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከክፍተቷ በስተግራ ያለው ጥርስ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ጠቅ አደረጋት። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት የምትሠራው ልጇ ዱዓ እየጎተተች ወሰደቻት። ዶክተር ሙንዚር በትንሿ መስታወት አየና፣ በአገሩ ወግ አክስቴ ብሎ፣ "ኻልቲ፣ ከጀርባው በኩል ተቦርብሯል። ነርቭ ጋ ግን አልደረሰም። ዛሬ ልሙላልዎት፣ ጥርሱ ይድናል" አለ።

"ከበዓሉ በኋላ" አለች በቀለች።

"ነርቭ ጋ ከደረሰ ላናድነው እንችላለን።"

"ለፋሲካ አፌን በሲሚንቶ አስለስኜ ልቀመጥ? ከበዓሉ በኋላ።"

ዶክተሩ ዱዓን አየ፤ ዱዓ ወለሉን አየች። እንግዲያው፣ አለ ዶክተሩ፣ ጣፋጭ ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ ይብሉና ይብቃዎት፤ ቀኑን ሙሉ አይቀማምሱ፤ ከበሉ በኋላ በውሃ ይጉመጥመጡ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይተው በብሩሽና በጥርስ ሳሙና ይቦርሹ። በቀለች እየሰማች የምታየው የዶክተሩን የታች ጥርሶች ነበር። ተደራርበዋል። የገዛ ጥርሱን ያላሰለፈ ሰው፣ አለች በልቧ፣ የኔን ሊያዝዝ።

በዚያ ዓመት ፋሲካና ዒድ በስምንት ቀን ልዩነት ተከታትለው መጡ። ቤቷ ውስጥ እሷ ስትፈስክ ፈድለላ ገና ረመዳን ይጾም ነበር።

ለፋሲካ የአገር ልጆች ተሰበሰቡ። ካሣዬ የሚባል፣ በደርግ ጊዜ በእግሩ የተሰደደ የቀድሞ የታሪክ መምህር፣ እንደ ዓመት ልማዱ የለስላሳ ጠርሙስ በመንጋጋው ከፈተና ቆርኪውን ጠረጴዛው ላይ ተፋው።

"መክፈቻ አጠገብህ አለ" አለችው በቀለች።

"መክፈቻ ለሕፃናት ነው፣ እቴ።"

"ከዓመት ዓመት አንድ ጥርስ ሲጎድልህ እያየሁ ነው። ለሚመጣው ፋሲካ በድድህ ታፏጭልናለህ።"

ሰው ሳቀ፤ ካሣዬም ሳቀ፣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ። እሷ በቀኝ በኩል እያኘከች ዶሮውንም ዳቦውንም ጨረሰች፤ ማታ በመፋቂያ ፍቅ ፍቅ አድርጋ ተኛች። ጥርሱ ትንፍሽ አላለም። ዱዓ የገዛችላት ብሩሽ ከነማሸጊያው መስኮት ላይ ተቀምጧል።

ዒድ ግን ሌላ ነው። የዒድ ጠዋት የሰፈሩ ሰው ቤት ለቤት ይዞራል። በየደጁ ትሪ ይጠብቃል፤ ከረሜላ፣ ኦቾሎኒ፣ ዱቄት ስኳር የተነሰነሰበት ካዕክ የሚሉት ብስኩት። አለመቅመስ ቤቱን መናቅ ነው፤ ለባዕድ አገር ሰው ደግሞ ይብሳል። "ሐበሻዋ የኛን አትበላም" ይባላል። ሰውን በሆዷ መናቅ ሌላ፣ ደጁ ላይ ቆሞ መናቅ ሌላ መሆኑን በቀለች ታውቃለች።

ዘዴ አወጣች። ካዕኩን አልፋ ከረሜላ ታነሣለች፤ አታኝከውም። የሚሰብረው ማኘክ አይደል? ከረሜላውን ከመንጋጋዋ እንዲርቅ ከላይኛው ከንፈሯ ሥር በስተግራ ትወሽቀዋለች፤ እዚያው እያሟሟች ትስቃለች፣ ትመርቃለች። ልጅ ሳለች አባቷ ስኳር እንዲህ በጉንጩ ይዞ ሻይ ሲጠጣ አይታለች። አንዱ ከረሜላ ሳያልቅ የሚቀጥለው ቤት ሌላ ይሰጣታል። ከጎረቤቷ ከኸዲጋ ቤት የጀመረችው ዙር አሥራ አንድ ቤት ሲሞላ እኩለ ቀን ሆነ። የሰፈሩ ልጆች ከረሜላቸውን ካር ካር እያደረጉ ሲቆረጥሙ አይታ፣ ነገ በጥርስ ሕመም ሲያለቅሱ ይሰማኛል አለች።

ዱዓ በር ላይ አገኘቻት።

"ዩማ፣ ከንፈርሽ ምን ሆኖ ነው ያበጠ?"

"አላበጠም። ጥርሴን እየጠበቅኩ ነው።" በምላሷ ገፋ አድርጋ አሳየቻት።

ዱዓ ግድግዳ ተደገፈች። "ከጠዋት ጀምሮ? ዩማ፣ ማኘክ ይሻል ነበር ወላሂ። ቶሎ ትበዪዋለሽ፣ ውሃ ትጠጪበታለሽ፣ ኸላስ። እንዲህ ስትይዢው እኮ ጥርሱ ስኳር ውስጥ... ምን ይባላል... ይነከራል። ቀኑን ሙሉ።"

"መነከር እንኳ በአማርኛ የጠፋብሽ ልጅ ስለ ጥርስ ታስተምሪኛለሽ?"

"አልጠፋብኝም፣ አልኩት።"

"ትናንት ጓንት አጠለቅሽ፣ ዛሬ እናትሽን ታክሚያለሽ። ይልቅ ግቢና ለእንግዳ ሻይ አፍዪ።"

ዱዓ ገባች። በቀለች የቀረውን ከረሜላ ላለመሸነፍ እስከ መጨረሻው አሟሟችው።

ያን ምሽት ሕመሙ መጣ። ከጥርስ ተነሥቶ ዓይን ውስጥ ገባ፣ ከዓይን ጆሮ ገባ። ቅርንፉድ ነከሰች፣ በጨው ውሃ ተጉመጠመጠች፣ ፈድለላን አስለቀሰችው። ማንንም አልናቀችም፤ ጊዜ አልነበራትም። በዒድ ሦስተኛው ቀን ግን ጎህ ሲቀድ ሕመሙ በአንዴ ጸጥ አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣች፤ ምንም። በጣቷ መታችው፤ ምንም።

"ሕመሙ ተወኝ" አለች ፈድለላን ቀስቅሳ። "ክሊኒክ የለ፣ ሲሚንቶ የለ። በቅርንፉድ ብቻ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለና ፈድለላ ተገላበጠ። "አሁን እኔ ልተኛ።"

ለዱዓ ስትነግራት ግን ልጅቷ አልሳቀችም። መሃረቧን መጠምጠም ጀመረች።

"ምን ሆነሻል? ዳንኩ እኮ።"

"ዩማ፣ እንዲህ ዝም ሲል ድኖ አይደለም። ነርቩ ሞቶ ነው። ያላ፣ ተነሺ።"

በቀለች ተነሣች። በምላሷ ጫፍ ክፍተቷን ነካች፣ አሁንም ያለች እንደሆነ። ሃፊላ በሚሉት አውቶቡስ እስከ ካርቱም ሁለት ስትሄድ ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ሰውዬ ጥርስ እንኳ አላየችም።

ዶክተር ሙንዚር በብረቱ ኳ ኳ አደረገው፤ ቀዝቃዛ ጥጥ አስነካው። አልተሰማትም።

"ሞቷል" አለ። "ሁለት መንገድ አለ፣ ኻልቲ። አንዱ መንቀል ነው። በቦታው ከጎረቤቶቹ ጋር የተያያዘ ሰው ሠራሽ እተክላለሁ። ነጭ ይሆናል፣ ክፍተቱንም እዘጋዋለሁ፣ ቆንጆ ነው የሚሆነው።"

ክፍተቱን እዘጋዋለሁ። ሰውየው ይህን የተናገረው እንደ ምርቃት ነው።

"ሁለተኛው?" ያለችው ዱዓ ናት።

"ሥሩን አጽድቼ እሞላዋለሁ። ጥርሱ ይቆያል፤ ግን የሞተ ነው፤ እያደር ሊጠቁር ይችላል።"

በቀለች ዶክተሩን ትታ ወደ ልጇ ዞረች። ድምፅዋ እንደ ትንሽ ልጅ ቀጥኗል። "ክፍተቷ ትቀራለች ወይ?"

"ትቀራለች፣ ዩማ።"

"እንግዲያው ይጥቆር።"

ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። ሦስቱንም ጊዜ ምራቋን የሚመጠውን ቱቦ የያዘችው ዱዓ ነበረች፤ በቀለችም አፏ ተከፍቶ መናገር ስላልቻለች ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታቋርጥ ሰማቻት። መስኮት ላይ የነበረው ብሩሽ ከማሸጊያው ወጣ።

ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ በአረፋ፣ ኸዲጋ ትሪውን አቀረበች። በቀለች ምሳ በልታ ነው የሄደችው። ከረሜላዋን አንሥታ ቆረጠመችው፣ ዋጠችው፣ ውሃ ጠየቀች፣ ተጉመጠመጠች።

"እንዲህ ነው የሚበላው" አለች፣ ራሷ እንዳገኘችው ሁሉ። "በየቤቱ ስታመነዥጉ የምትውሉት ሳታውቁ ነው።"

ኸዲጋ ግን የምታየው ሌላ ነው፤ የዱዓ እናት ብላ በልጇ ስም ጠራቻት። "ያ ኡም ዱዓ፣ ጥርስሽ አመድ መስሏል። ለምን አውልቀሽ አዲስ አታስደርጊም?"

"አንቺ ያንቺን አውልቀሽ ብርጭቆ ውስጥ ታሳድሪያለሽ" አለች በቀለች። "የኔ ቢሞትም ከኔ ጋር ያድራል።"

ኸዲጋ በመጎናጸፊያዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። በቀለችም ሳቀች፤ አልሸፈነችም።