አባቴ ደሴቷ ላይ የጎዘጎዘው ሣር

አባቴ ቤት አለው። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ በረንዳው ላይ ሲቀመጡ ዓባያ ሐይቅ ወለል ብሎ የሚታይበት፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ አልጋውም የሚመች ቤት። ታዲያ ይህ ሰው ድንኳኑን ተሸክሞ፣ ካርታ ላይ እንኳ የሌለች ደሴት ድረስ ሄዶ አሸዋ ላይ የሚያድረው ምን ቢነካው ነው? ሴት ልጁ ነኝ፤ ልጁ ሆኜም ግራ እንደገባኝ ኖሬአለሁ። እናቴ አመለወርቅ መጠየቁን ከተወችው ቆይታለች። ድንኳኑን ሲጠቀልል እያየች "ጅብ እንኳ ጉድጓድ አለው" ብላ ወደ ጓዳዋ ትገባለች።

ስሙ ሸዋንዳኝ ነው፤ ከተማው ግን "መምህር" ብቻ ይለዋል። በወጣትነቱ ከመንዝ ጂኦግራፊ ሊያስተምር መጥቶ አርባ ምንጭ ላይ ቀረ። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ሐይቅ ሲያስተምር ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ሐይቁ ላይ ካላደርኩ አለ። መጀመሪያ ላይ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ይከተሉት ነበር። ትንኝ አንድ ሌሊት ከጋጣቸው በኋላ ግን ሲደውልላቸው አያነሡም። ደሴት ላይ የእሱ ሕግ ጥብቅ ነው። ድንኳን ከውኃው ርቆ ከፍታ ላይ ይተከላል፤ አዞ እንግዳ ነህ ብሎ አይምርም። እሳት አይጠፋም። ቆሻሻ ተሰብስቦ ይመለሳል። ስልክ ደግሞ ቤት እስኪመለሱ ድረስ ይዘጋል፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

መዘዙ የመጣው ከዚሁ ከስልኩ ነው።

ያን ጊዜ ደሴቷ ድረስ የሚያመላልሰው ጋሽ ዕዝራ ነበር። ጋሽ ዕዝራ የጋሞ ሰው፣ ዓሣ አጥማጅና ባለ ጀልባ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአባቴ የልብ ወዳጅ ነው። እኔ የማውቀው እንደ አጎቴ ነው። የሚስቱን የእትዬ ወለቴን የበቆሎ ኩርኩፋ እየበላሁ ነው ያደግሁት። የዛሬ ሁለት ዓመት አባቴን ማታ ደሴቷ ላይ አድርሶት፣ ጠዋት ሊመልሰው ተቀጣጥረው ተለያዩ። ጠዋት አልመጣም። ፀሐዩ በረታ፣ የያዘው ውኃ አለቀ፣ የአባቴም ንዴት እየፈላ ዋለ። ወደ ማታ ከሌላ መንደር የመጡ አጥማጆች አግኝተው አመጡት። አባቴ ወደ ቤቱ አልመጣም። ሻንጣውን እንዳዘለ በቀጥታ ሐይቁ ዳር ወዳለው ወደ ዕዝራ ቤት ሄደና ገና ከበር መጮህ ጀመረ።

"ዕዝራ! ሰውን ደሴት ላይ ጥሎ እግር ዘርግቶ መተኛት አለ? እኔ ዓሣ ነኝ ወይ?"

እየጮኸ ግቢው ውስጥ ሲገባ የለቅሶ ድንኳን ተጥሏል። እትዬ ወለቴ ሳትታመም ንጋት ላይ ድንገት አርፋ፣ ተቀብራ፣ ለቀስተኛው ተቀምጧል። እኔና እናቴም እዚያው ነበርን። ቀኑን ሙሉ ብንደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ ጀልባ ያለው ሁሉ ደግሞ ቀብር ላይ ነበር። ጩኸቱን ያልሰማ አልነበረም። አባቴ ሻንጣውን አውርዶ ከሰው መሀል ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ ራስ ነቅነቅ ያደርጉና ይተላለፋሉ። እናቴ "ሽማግሌ ላክበት እንጂ" ስትለው አባቴ ይቆጣል።

"ምን ብዬ? ለቀስተኛ ፊት የጮህኩብህ ያ ሰውዬ ነኝ ብዬ? እዚያ በር ላይ ሁለተኛ የምከፍተው አፍ የለኝም።"

እኔ ግን ይጨንቀኝ ነበር። ሁለቱም አርጅተዋል። እንዲህ እንደተኳረፉ አንዱ ቢሞት፣ ሌላው በምን ዓይኑ ቆሞ ይቀብረዋል? ይልቅ ግራ የሚገባኝ፣ አባቴ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላም ሊሻን የሚባል ወጣት ባለ ጀልባ ይዞ እዚያችው ደሴት መመላለሱን አለመተዉ ነው። ዓባያ ላይ ሌላ ደሴት የጠፋ ይመስል፣ በቀጥታ ከዕዝራ መንደር ፊት ለፊት ያለችው ላይ! ሰው የተዋረደበትን ቦታ ይሸሻል እንጂ እየሄደ ያድርበታል?

ዘንድሮ በፋሲካ ማግስት "ብቻህን አትሄድም" ብዬ አብሬው ሄድኩ። ሊሻን አድርሶን ተመለሰ። እሳት ዳር የዶሮ ወጥ ትራፊ አሙቀን በላን። አባቴ ስለ ነፋስ አቅጣጫ ሲያስተምረኝ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ከድንኳኑ ስወጣ አባቴ ጎንበስ ብሎ ከውኃው ዳር ለምለም ሣር በቢላ እያጨደ ነው። ጀልባ ከሚቆምበት ከውኃው ጫፍ ጀምሮ እስከ ድንኳኑ ደጃፍ ጎዝጉዞታል።

"ምንድነው ይሄ ሁሉ?" አልኩት።

"ፋሲካ አይደለም እንዴ?" አለኝ ቀና ሳይል።

ሳቅሁበት። መንዜ በረሃም ቢያድር ቄጤማውን አይተው!

ሊሻንን ስንጠብቅ የሞተር ድምፅ ሰማን። ጀልባዋ ስትቀርብ ግን የሊሻን አይደለችም። ጋሽ ዕዝራ ብቻውን ነው። አባቴ ቢላውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ጋሽ ዕዝራ ሞተሩን አጠፋና ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ወረደ።

"የሊሻን ሞተር እምቢ አለ፤ እኔ መጣሁ" አለ፣ ወደ እኔ እያየ።

ጀልባውን እየጎተተ መጥቶ ሣሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። አንድ እርምጃ አልጨመረም። አዞ አየ እንዴ ብዬ ዞርኩ፤ ምንም የለም። እባብ ይሆን ብዬ ሣሩን አየሁ፤ ምንም የለም። ባርኔጣውን አወለቀና ሣሩን አተኩሮ ያይ ጀመር። አባቴ ፊቱ አመድ መስሏል። ከሁለቱ ማን ምን እንደሆነ ጠፋኝ። ለምን አይወጣም? ቂሙ አገርሽቶበት ይሆን? ሊመለስ ነው?

"መምህር" አለ ጋሽ ዕዝራ ቀስ ብሎ፣ "ሣር አነጠፍክ?"

ይሄኔ ብልጭ አለልኝ። በጋሞ ምድር እርጥብ ሣር ፊትህ ከተደረገ ይቅርታ እየተለመንክ ነው። ያን ሣር ረግጦ ማለፍ ነውር ነው። ጋሽ ዕዝራ የአባቴን የበዓል ቄጤማ አይቶ ይቅርታ የተጠየቀ መስሎታል! አባቴ አፉን ሲከፍት አየሁት። አሁን "በዓል ስለሆነ ነው" ብሎ ሁሉን ነገር ሊያበላሽ ነው ብዬ እግሩን አጥብቄ ረገጥኩት።

አባቴ አፉን ዘጋ። አየኝ። ከዚያ ቢላውን ጥሎ ሣሩ ላይ ተንበረከከ።

"ወለቴን አልቀበርኳትም" አለ። "ጭራሽ እሬሳዋ በወጣበት በር ላይ ጮህኩ። ይቅር በለኝ፣ ዕዝራ።"

ጋሽ ዕዝራም እርጥብ ሱሪውን እንደለበሰ ከፊቱ ተንበረከከ።

"ይቅር ለእግዚአብሔር። ያን ቀን ደሴት ላይ እንዳለህ አልረሳሁም ነበር፤ የምልከው ሰው ግን አጣሁ" አለና ትከሻውን ያዘው። ሁለት ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔም ድንኳኑን መንቀል ትቼ አለቀስኩ።

ስንመለስ ሊሻን ሐይቁ ዳር ጀልባው ላይ ጋደም ብሏል።

"ሞተርህ ተሠራ?" አልኩት።

"የቱ ሞተር? ሞተሬ ደህና ነው። ጋሽ ዕዝራ ናቸው ዛሬ እኔ ልሂድ ያሉኝ። መምህር ሁልጊዜ ሣር ያነጥፋሉ ብዬ ብነግራቸው አያምኑኝም ነበር።"

"ሁልጊዜ? ለፋሲካ እኮ ነው የጎዘጎዘው።"

"ኧረ ምን ፋሲካ አለው? በኅዳርም ያነጥፋሉ፣ በሰኔም ያነጥፋሉ። እኔ መርገጥ ስለማልችል በጎን ዞሬ ነው የምወጣው።"

ወደ ሴቻ የሚወጣው ባጃጅ ውስጥ አባቴን ጎን ጎኑን አየሁት። ሱሪው ጉልበቱ ላይ አረንጓዴ ሆኗል።

"አባዬ፣ ቄጤማ ነው አላልከኝም?"

"ፋሲካ አይደለም ወይ አልኩሽ እንጂ መቼ ቄጤማ አልኩሽ?" አለና ጎንበስ ብሎ እግሩን ማሸት ጀመረ። "ይልቅ አንቺ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁትን ይቅርታ ልናገር አፌን ስከፍት እግሬን የምትረግጪኝ ምን ሆነሽ ነው?"