ድካም የማያውቁት

ከኢተያ ወደ አሰላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ኤልፍ የሚባሉ ጆሯቸው የሾለ ፍጡራን ያሉበት የምናብ ልቦለድ እያነበብኩ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ገጹን አጮልቀው አዩና «ምን ይላል?» አሉኝ።

ሳነብ የሚያናግረኝ ሰው እንደ ጥርስ ሕመም ነው። «ስለ ኤልፎች ነው» አልኩ ላሳጥረው ብዬ። «ሌሊቱን ሙሉ ሮጠው አያልባቸውም። በረዶ ላይ ሲሮጡ ዱካ አይተዉም። የሰው ልጅ አይደርስባቸውም።»

ፊታቸው ዳመነ። «አገራቸው የት ነው?»

«ሩቅ ነው።» ልቦለድ መሆኑን መንገር ነበረብኝ፤ ምላሴ ለቁም ነገር ሲሆን ይሰንፋል።

«ልጄ ነገ ውጭ አገር ትሮጣለች» አሉ ቀስ ብለው። «ባለፈው ደክሟት አቋርጣ ወጣች። ነገም ካቋረጠች የሚያሮጧት ሰዎች ይተዉኛል ብላ ፈርታለች።»

ያኔ ነገሩ ገባኝ። «እማማ፣ እነዚህ እኮ...» ስል በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። ለካ ለልጃቸው ደውለው ኖሮ ስልኩ ተነስቶላቸዋል።

«ድካም የማያውቁ ሰዎች አሉ አሉ» አሏት ልጃቸውን በኦሮምኛ። «ቢቀድሙሽ አትደንግጪ። ድካም የመጣባቸው ቀን ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም። አንቺ ግን ባለፈው አይተሽዋል።»